ውሃ ልክ መኪና ሲገዛ

ወንድሜን የሚያውቀው ሰው ሁሉ ውሃ ልክ ነው የሚለው። አናጢ ነው። ሰው ቤት ለሻይ ተጠርቶ እንኳ ዝም ብሎ አይጠጣም፤ አጎንብሶ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ሻይ ያይና «ጠረጴዛችሁ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል» ይላል። ብሎም አይተውም። ወረቀት አጥፎ፣ ከጠረጴዛው እግር ሥር ወትፎ፣ እንደገና አጎንብሶ እስኪያይ ድረስ ሻዩም ይቀዘቅዛል፣ ባለቤቶቹም ይቀዘቅዛሉ። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ባል የሚባለው ነገር ስላልሆነልኝ አብሬው እኖራለሁ፤ እሱ በጓሮ በኩል ወርክሾፑ ውስጥ ያንኳኳል፣ እኔ በፊት ለፊቱ ክፍል የሰው መጋረጃ እሰፋለሁ።

ወንድሜ አንዲት ልጅ ነበረችው። እናቷ ልጅቷ ገና ዳዴ ስትል ነው ጥላን የሄደችው፤ የት እንደሄደች የራሷ ጉዳይ ነው። ልጅቷን እሱና እኔ አሳደግናት። እሱ ጫማዋን ያስርላታል፣ እኔ ጸጉሯን እጎነጉንላታለሁ፤ ሁለታችንም አናውቅበትም ነበርና ትምህርት ቤት ስትደርስ ጫማዋም ጸጉሯም ተፈትቶ ይገኛል። እንዲያም ሆኖ አደገች፣ ተማረች፣ መምህር አገባች፣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ሄደች። ወንድሜ የቤቷን ዕቃ ከአልጋ እስከ ወጥ ቤት መደርደሪያ በእጁ ሠርቶ በጭነት መኪና አስጭኖ ወሰደላት። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ወለደች። ወንዱ መንፈቅ እንኳ ሳይሞላው፣ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ የተሳፈረችበት የባልደረባዋ መኪና ተገለበጠ። ከፊት የተቀመጡት ቀበቶ አስረው ስለነበር ተጫጭረው ወጡ። እሷ ከኋላ ነበረች፤ ቀበቶ አላሰረችም።

ይኸው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ከለቅሶው ከተመለስን ወዲህ ልጆቹን በዓይናችን አላየናቸውም።

አባታቸው ደግ ሰው ነው፤ አልዋሽም። እሑድ እሑድ ይደውላል። ትልቋ ስለ አስተማሪዋ ታወራለች፣ ተከታይዋ ትዘፍናለች፤ ትንሹ ግን ስልኩን ሲሰጡት ምንም አይልም፣ ብቻ ይተነፍሳል። ወንድሜም ምንም አይልም። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያንን ትንፋሽ ያዳምጣል። «ተኝቷል እንዴ? ስጠኝ እንጂ እኔም ልስማው» ስለው በእጁ ዝም በይ ይለኛል። ስልኩ ደግሞ ከመደወልና ከመቀበል ሌላ ሙያ የሌላት አሮጌ ናት፤ ፎቶ ላኩልኝ ቢባል የምትቀበልበት ዓይን የላትም። ያለን አንድ ፎቶ ነው፤ ልጃችን መካከል ተቀምጣ፣ ሁለቱ ሴቶች ጉልበቷን ይዘው፣ ወንዱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ። ወንድሜ ወርክሾፑ ውስጥ ከመጋዞቹ በላይ ሰቅሎታል። ጠዋት ሲገባ ቀድሞ አቧራውን የሚጠርገው እሱን ነው።

አንድ እሑድ ታዲያ ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠራርጎ «ልጆቹን ለዕረፍታቸው ብትልክልኝ» አለው። መምህሩም፣ «አባባ፣ ልጆቹ የእርስዎም ናቸው። ግን አንድ ነገር ምያለሁ። የልጅ መቀመጫ የሌለው መኪና ውስጥ አላስገባቸውም። ሦስቱም በየወንበራቸው ታስረው ካልሆነ ከዚህ በር አይወጡም» አለ። 

«ልክ ነህ ልጄ» አለ ወንድሜ።

ያኔ የነበረችን ፒክ አፕ ናት። ጋቢናዋ እሱን፣ እኔንና የምሳ ዕቃችንን ከያዘች አትተነፍስም። ከኋላ ጣውላ እንጂ ልጅ አይጫንባት። ሌላ ሰው ቢሆን በአማቹ ቅር ይለው ነበር፤ ወንድሜ ግን ሥራ እንዳገኘ ሰው ፊቱ በራ። በማግስቱ የልጆች ዕቃ መሸጫ ገብቶ፣ ለሦስቱም ይሆናሉ ያላቸውን ሦስት ወንበሮች ከወገባቸው፣ ከትከሻቸው፣ ከመቀመጫቸው ለካቸው። ሻጯ «ይወስዷቸዋል?» ብትለው «መኪናው ሳይኖረኝ?» ብሏት ወጣ። ከዚያ በቺፑድ በወንበሮቹ ልክ ሦስት ሣጥን ሠራ። መሞከሪያ መሆናቸው ነው። መሞከሪያ ለሆነ ነገር ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ እጄን እንዳይቆርጠኝ ብሎ መያዣ አበጀላቸው። ትንሿን ሣጥን እኔ እንድሸከም ሰጠኝ። የሕፃኑ ነበረች።

በከተማው ያለውን የመኪና መሸጫ በሙሉ በእነዚያ ሣጥኖች አዳረስነው። መጀመሪያ የሄድንበት ግቢ ያለው ደላላ ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር፣ ሲያወራ ዓይኑን የማይጨፍን ሰው ነው። ከነሸክማችን ስንገባ አየንና፣

«አባት፣ ንብ ሊያረቡ ነው እንዴ?» አለ።

«የልጅ ልጆቼ ናቸው» አለው ወንድሜ ሣጥኖቹን እያወረደ።

ደላላው ሣጥኖቹን አየ። እኔን አየኝ። «እግዜር ያሳድግልዎ» አለ።

ያመጣልን መጀመሪያ የምታብረቀርቅ አውቶሞቢል ነበረች። «አንዲት ሐኪም ናት የነዳቻት፤ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት» አለን። ሁለቱ ሣጥኖች ገቡ፤ ሦስተኛው ሲገባ በሩ አልዘጋ አለ። ሁለተኛዋን አመጣ፤ እሷንም የነዳት ሐኪም ነው። ሣጥኖቹ ገቡ፣ በሩም ተዘጋ፣ ግን የበሩ ክንድ ማሳረፊያ የዳሩን ሣጥን ይጫነዋል። ወንድሜ መዳፉን በመካከሉ አስገብቶ ሞከረና ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛዋም የሐኪም መኪና ናት ሲለው ግን ቀና አለ፤ «ቆይ፣ ይህ ሁሉ ሐኪም መኪናውን እየሸጠ በእግሩ ነው የሚሄደው?»

በሦስተኛዋ ሣጥኖቹ ተደርድረው ገቡ። እኔ እፎይ አልኩ። ወንድሜ ከኪሱ ያችን ስሙን ያወጣችለትን ውሃ ልክ አወጣና በመካከለኛው ሣጥን ላይ አጋደማት። አረፋዋ ወደ ግራ ሸሸች። የመካከለኛው መቀመጫ ከፍ ብሎ ያበጠ ነበር።

«ያዘነብላል» አለ።

«ጋሼ፣ የምታስቀምጠው ልጅ ነው እንጂ የመጻሕፍት መደርደሪያ አይደለም!» አልኩት።

«ልጅም ቢሆን ግማሽ ቀን ሙሉ ተንጋዶ አይሄድም።»

ደላላው አንገቱን በመስኮት አስገብቶ «አባት፣ ይቺን ካለፉ በኋላ ይቆጭዎታል፤ ዛሬ ከሰዓት ሌላ ሰው ይወስዳታል» ሲለው፣ ወንድሜ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ እያወጣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለው። እኔ ግን ሲፈታ ያየሁት የደላላውን ትዕግሥት ነው።

እንዲህ እያልን ወራት ሄዱ። አንዷ የቀበቶዋ መቆለፊያ ከሣጥኑ ሥር ገብቶ እጅ አይደርስበትም። አንዷ የኋላ በሯ እስከ መጨረሻው አይከፈትም፤ «የተኛ ልጅ በምን በኩል ይወጣል?» አንዷ ደግሞ ሦስት ብቻ አይደለም ሰባት ሣጥን ትይዛለች፣ ሁሉ ነገሯ የተሟላ ነው፤ እሷን ከፍታዋ በዛ አላት።

«እግራቸው መሬት አይደርስም። ማን ያወርዳቸዋል?»

«አንተ ነህዋ!» ብዬ ጮህኩ፤ ደላላው ሳይቀር ደነገጠ።

ጎረቤቶች «ልጆቹ መጡ?» ሲሉት «መኪና እያየሁ ነው» ይላቸዋል። መጀመሪያ ይስቁ ነበር። ኋላ ኋላ ግን ሳይስቁ «ላም አለኝ በሰማይ» ይባባሉ ጀመር፤ በመስኮቴ ሰማኋቸው። ለእኔም ነገሩ ይገባኝ ጀመር። እንጨት በዓይኑ አይቶ የሚቆርጥ ሰው ነው፤ መኪና መምረጥ ከዚህ ሁሉ አይከብደውም። አንድ ቀን ሥራዬን ትቼ ወርክሾፑ ገባሁ። ምንም የማይጎድላትን ትንሿን ሣጥን ይልጋታል።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። በየጠዋቱ አውቶቡስ አለ። ተሳፍረን እዚያው ሄደን ብናያቸውስ? ወንበርም አይፈልግ፣ ሣጥንም አይፈልግ።»

መላጊያውን አላቆመም። «እዚያ ቤት አልገባም» አለ።

«ለምን?»

«እጄ ያልነካው እንጨት የለበትም።» ትንሽ ቆየና መላጊያውን አስቀመጠ። «ቁም ሣጥኑን ስሠራላት ‹አባዬ፣ መስታወቱን በበሩ ውስጠኛ በኩል አድርግልኝ፣ ልጆች ይሰብሩታል› አለችኝ። ገና አንድም ልጅ አልነበራት። ለለቅሶው የሄድን ጊዜ እጄን ልታጠብ ብዬ ፎጣ ስፈልግ ያንን በር ከፈትኩት። ቀሚሶቿ ተደርድረዋል፤ መስታወቱ ውስጥ እኔ ቆሜያለሁ። አንቺ ሴትዮ፣ ልጆቹን እኮ ከዚያ ቤት ማውጣት ነው የምፈልገው። እዚህ ቢመጡልኝ ችዬ አያቸዋለሁ።»

 እኔም ናፍቀውኛል። መጋረጃ እየሰፋሁ ድንገት ግራ ክንዴ ላይ የዚያ ሕፃን ክብደት ይመጣብኛል፤ ለቅሶው ላይ ሌሊቱን ሙሉ የታቀፍኩት እኔ ነበርኩ። ይመጣና ክንዴን ሳጥፍለት ጨርቅ ነው። ይህንን ለወንድሜ አልነገርኩትም። ወጥቼ ቀጥ ብዬ ደላላው ዘንድ ሄድኩ።

«ስማ ልጄ» አልኩት፤ «ሦስት ሣጥን የምታስገባ፣ የማታዘነብል፣ በሯ ወለል ብሎ የሚከፈት መኪና ካላገኘህልኝ፣ ከነገ ጀምሮ ሥራዬን ይዤ መጥቼ እዚህ በርህ ላይ ነው የምሰፋው።»

ሰውየው መጋረጃ የሚፈራ መሆን አለበት፤ ሳምንት ሳይሞላ ጠራን።

ያገኘልን የገረጣች ቡኒ፣ አንድ ጎኗ የተጨረመተ፣ ረጅም የቤተሰብ መኪና ናት። ደላላው «አንዲት...» ብሎ ሲጀምር «ሐኪም» አልኩት። «አይ እማማ፣ እርስዎንስ አልዋሽም። ባለ ስድስት ልጅ ዳቦ ጋጋሪ ነው የነዳት» አለ። በሯ በጎን እየተንሸራተተ ነው የሚከፈተው። መሬት ቅርብ ናት፤ ሕፃን እንኳ በራሱ ይወጣባታል። ከነጂው ኋላ ያለው ረድፍ ሦስቱም መቀመጫ ለየብቻው የቆመ ነው፤ አንዱ አንዱን አይገፋም። ከዚያም ኋላ ሌላ ረድፍ አለ። የብስኩት ፍርፋሪ በየስፌቱ ገብቷል፣ በአንዱ መስኮት ሥር ልጅ በእስክሪብቶ ፀሐይ ሥሏል፤ ጨረሮቿ ብዙ ናቸው። ሣጥኖቹን አስገባን። በየመካከላቸው ጣት የምታስገባ ክፍተት ቀረች። ውሃ ልኳን አጋደመ። አረፋዋ ተንቀዋለለችና መካከል ላይ ቆመች።

ወንድሜ ወደ ኋላኛው ረድፍ ገብቶ ተቀመጠ። የሦስቱን ሣጥኖች ጀርባ ብዙ ሰዓት ሲያይ ቆየ። ደላላው «ምን ጎደለ ደግሞ?» ብሎ በጆሮዬ ሲያንሾካሹክ «ምንም፤ ተወው» አልኩት። ፒክ አፗ ተሸጣ ሄደች፣ ቡኒዋ ቤት ገባች።

ከዚያ ወንበሮቹን ልንገዛ ሄድን። ያችው ሻጭ ናት፤ ወንድሜን አልረሳችውም። «መኪናው ተገኘ?» አለችና ሳቀች። ከዚያ «ልጆቹ ዕድሜያቸው ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ትልቋ አራት፣ ተከታይዋ ሁለት፤ ወንዱ ገና የእቅፍ ነው» አላት።

«ትልቋ ቀጠን ያለች ናት» ብዬ እኔም ጨመርኩ።

ሻጯ ሦስቱንም አወረደችልን። የእቅፉ ልጅ ወንበር ፊቱ ወደ ኋላ ሆኖ እንደሚታሰር፣ ቀበቶው በትከሻው ላይ እንዴት እንደሚጠብቅ አሳየችን። ወንድሜ እሷ ያሰረችውን ፈትቶ ራሱ አሰረ፣ እንደገና ፈትቶ እኔ እንዳስር አደረገኝ። ስንጨርስ ጣቶቼ አበጡ።

ለጉዞው ልለማመድ ብሎ ባዶ ወንበሮቹን ጭኖ ሰፈሩን ይዞር ጀመር። እንቁላል የጫነ ይመስል ነበር የሚነዳው። ከፊት ያለችውን መስታወት መንገዱን ትቶ ወንበሮቹን እንድታሳየው አዙሯታል። «ጋሼ፣ ከኋላችን የሚመጣ መኪና ገጭቶን ይለፍ?» ስለው ያስተካክላታል፤ ጥግ ስንታጠፍ ተመልሳ ወንበሮቹ ላይ ናት። በአንድ ጉድጓድ ስናልፍ ክንዱ ሳያስበው ወደ ኋላ ተዘረጋ፣ ሊደግፋቸው። ያን ጊዜ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ዕረፍቱ እንደገባ ለመምህሩ ደወለና «መኪናው ተገዝቷል፣ ወንበሮቹም ታስረዋል። አዘጋጅልኝ፤ ከበር ላይ ተቀብዬ እመለሳለሁ» አለው። እመለሳለሁ ማለቱን እኔ ልብ ብያለሁ፤ መምህሩ ልብ አላለውም። በማለዳ ተነሣን። መንገዱን ሙሉ እኔ ለሁለታችን አወራሁ፤ የቱ ልጅ የት አልጋ ላይ እንደሚተኛ፣ ለሕፃኑ ወተት በምን እንደምናሞቅለት፣ ትልቋ መርፌ መያዝ ብትማር ደግ እንደሆነ።

ምሳ ሰዓት አለፍ ሲል በሩ ላይ ደረስን። ወንድሜ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና አንኳኳ።

«ማን ልበል?» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

የልጃችን ድምፅ ነው። ራሷ፤ ከጉሮሮዋ ትንሽ ሻከር የሚለው፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚለው። የወንድሜ እጅ በሩ ላይ እንደተነሣ ቀረ።  በስልክ ስንሰማው እንዲህ አልነበረም፤ ስልክ ይቀንሰዋል መሰለኝ። እኔ ከኋላው «እኛ ነን፣ ክፈቱ» አልኩ።

በሩ ተከፈተ። የእናቷን ድምፅ የያዘች፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ እግሯ የረዘመ ልጅ ቆማለች። ከላይ እስከ ታች አየችንና «የእሑዶቹ ናችሁ?» አለች።

«የእሑዶቹ ነን» አልኳት። ስስማት ያሰብኩትን ያህል ጎንበስ ማለት አላስፈለገኝም። ከኋላዋ አንድ ወንድ ልጅ የአባቱን ነጠላ ጫማ እየጎተተ መጥቶ በሩን ያዘ።

«አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ? የጎረቤት?» አልኩት።

«ወንድሜ ነው» አለች ልጅቷ።

እንግዲህ ምን ይባላል። አላዋቂ አይደለንም፤ ዓመት መቁጠርም አይጠፋንም። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነን እያልን የምናለቅሰው እኛው ነን። ግን እናታቸውን ከቀበርንበት ቀን ወዲህ ልጆቹን በልባችን አንዲት ቀን አላሳደግናቸውም ነበር። ወንድሜ የመኪናዋን ወርድ በጣት ሲለካ፣ እኔ ወተት በልቤ ሳሞቅ፣ ሕፃን ያልነው ልጅ ጫማ እየመረጠ ነው።

መካከለኛዋ ከየት እንደመጣች ሳናያት በመካከላችን ሾልካ የመኪናዋን በር አንሸራተተችው። ሦስቱም ተንጋግተው ገቡ። ወንዱ የእቅፉ ወንበር ውስጥ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ለመግባት ታገለ፤ ጉልበቱ አገጩን ነካ። «ይሄ ምንድን ነው? መንገዱ አይታይም!» ብሎ ጮኸ። ትልቋ በወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ትከሻዋ ከመደገፊያው በላይ ወጣ። መምህሩ በዚህ መካከል ከቤት ብቅ አለ። ሳቅ ሊል ሲል የወንድሜን ፊት አየና ተወው።

ወንድሜ እጁን በመኪናዋ ጣሪያ ላይ አሳርፎ ቆሟል። «ለካሁ እኮ» አለ። «ሁሉን ለካሁ።»

መምህሩ አጠገቡ ሄዶ ቆመ። ወደ ውስጥ እያየ ያሰላስል ጀመር፤ ሰው ላለማሳፈር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትንሹ በመካከለኛዋ ወንበር ይገባል። መካከለኛዋ ደግሞ በትልቋ። ትልቋ ናት ወንበር ያጣችው። አባባ፣ አይቀየሙኝ፤ ምያለሁ። ሁለቱን ይውሰዱና እሷ ከእኔ ጋር ትቆይ።»

«እኔ ግድ የለም፣ ከአባዬ ጋር እሆናለሁ» አለች ትልቋ። እንደዚያ ስትል ግን ማንንም አታይም፤ የወንበሩን ቀበቶ ትቆልፋለች፣ ትፈታለች።

«ከልጅ ልጅ ቢለዩ ዓመትም አይቆዩ» አለ ወንድሜ። «ወይ ሦስቱም፣ ወይ ማንም።»

«እንግዲያው ይደሩ» አለ መምህሩ። «ነገ ገበያ ወጥተን ለትልቋ የሚሆናትን እንገዛና ሦስቱንም ይዘው ይሄዳሉ። ቤቱ የእርስዎ ነው፤ አልጋው ሳይቀር የእጅዎ ሥራ ነው።»

በደግነት ነው ያለው። የወንድሜ ፊት ግን ልብስ እንደሚታጠፍ ታጠፈ። ወደ ቤቱ በር አየ፣ ወደ መኪናዋ አየ። «እኛ እዚህችው መኪናዋ ውስጥ እናድራለን» አለ። «ሰፊ ናት።»

«አንተ እደር» አልኩት፤ «የእኔ ወገብ ከመኪና ጋር አልተዋዋለም።» ሻንጣዬን አንሥቼ ገባሁ። አብሬው ብቆም እውነትም እዚያው ያድራል ብዬ ነው። ሴቶቹ ልጆች ግራና ቀኝ ይዘውኝ ገቡ፣ መምህሩም ሻይ ሊጥድ ተከተለን። እኔ ግን ከደጃፉ አላለፍኩም፤ በሩን ተደግፌ ወደ ውጭ አያለሁ።

ወንድሜ በመኪናዋ ክፍት በር ላይ እግሩን ወደ ውጭ አድርጎ ተቀምጧል። ያ ሁሉ ወራት የደከመላቸው ወንበሮች ከኋላው ናቸው። ትንሹ ልጅ ብቻ ነው አብሮት የቀረው፤ ፊቱ ቆሞ ያየዋል።

«ታውቀኛለህ?» አለው ልጁ።

«አውቅሃለሁ።»

«አቅፈኸኝ ታውቃለህ?»

«አዎ። ያኔ ይህን ያህል ነበርክ» አለና በሁለት መዳፉ አሳየው።

ልጁ በመዳፎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ትኩር ብሎ አየ። «ከዚያስ የት ሄድክ?»

ወንድሜ ቀና ብሎ እኔን ፈለገኝ።  

«መኪና ልገዛ» አለ በመጨረሻ።

ልጁ አንገቱን አጣሞ መኪናዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አያት። «ሱቁ ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው።»

«ደክሞሃላ» አለው። በነጠላ ጫማው እየተንሸራተተ ቀረበና አንድ ጣቱን ይዞ ጎተተው። «ና ግባ።»

ወንድሜ ተነሥቶ በአጠገቤ አልፎ ገባ።